ተኩሱን ትታችሁ ሰዓቱን፣ ማይኩንና ካርዱን ተመልከቱ፦ ለዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ወላጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣
እንዲሁም ለኮሚዩኒቲ ማኅበራት፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊዶች የወጣቶች ክፍል ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ በየሄድኩበት አንድ ዓይነት ስሞታ ስለምሰማ ነው። ልደት ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይም ወሬው ያው ነው። "ልጄን ጌም ወሰደብኝ።" እናት ራት ቀርቧል ብላ ትጣራለች። ልጅ "አንዴ፣ ልጨርስ" ይላል። ትንሽ ቆይታ ደግማ ትጣራለች። አሁንም "አንዴ"። አባት ብድግ ይልና ዋይፋዩን ይነቅለዋል። ከዚያ በር ይላጋል፤ ኩርፊያው ሳምንት ይዘልቃል።

እኔም የጎረምሳ አባት ነኝ። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ስለሆነ የብዙ ቤት ልጆች ማሽን በእጄ ያልፋል። ማታ ማታ ደግሞ ከልጄ ጋር እጫወታለሁ። መጫወት ከተባለ ነው። "አባዬ፣ አንተ ዝም ብለህ ከኋላዬ ሁን" ነው የሚለኝ። ቢሆንም ከኋላ ሆኖም ብዙ ነገር ይታያል።

እኛ ወላጆች የምንጣላው ከተኩሱ ጋር ነው። ተኩሱ ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከጣጣው ሁሉ ትንሹ ነው። ልጆቻችን የሚጎዱት በሌላ በኩል ነው። መሃል ላይ የማይቆም ጨዋታ እንቅልፋቸውን ይበላል። የማያውቁት ሰው በማይኩ በኩል ጆሯቸው ውስጥ ይገባል። የባንክ ካርዳችን ደግሞ እዚያው ጨዋታው ውስጥ ተመዝግቦ ተቀምጧል። እነዚህን ሳናይ "ይህን ግደል-ተኩስ የሚሉትን ነገር ተው" ስንል ልጁ "አባዬ ምንም አያውቅም" ብሎ ይደመድማል። ያን ጊዜ ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ የምንናገረውን አይሰማም።

እስቲ መጀመሪያ ጨዋታዎቹን እንለያቸው። በግርድፉ ሁለት ወገን ናቸው።

አንደኛው አምስት ለአምስት የሚገጥሙበት ነው። ካውንተር ስትራይክና ቫሎራንት እዚህ ይመደባሉ። ካውንተር ስትራይክ ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ከእኛ መሃል አዲስ አበባ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ያመሸበት አይጠፋም፤ አሁን ዝም ብሎ ልጁን ይቆጣል እንጂ። ዛሬ ልጆች የሚጫወቱት በ2023 የወጣውን ካውንተር ስትራይክ 2 ነው። ቫሎራንት በ2020 ወጣ። በሁለቱም አንዱ ቡድን ቦምብ ያጠምዳል፣ ሌላው ይከላከላል። መጀመሪያ 13 ራውንድ ያሸነፈ ቡድን ማቹን ይወስዳል። አንድ ማች ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ እኩል ከሆኑ ከዚያም ያልፋል። በራውንዱ የሞተ ሰው ራውንዱ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ያያል። ይህቺን ያዙልኝ። ልጃችሁን ማናገር ከፈለጋችሁ በዚያች በሞተባት ደቂቃ አናግሩት። ይሰማል፣ ይመልሳል። ራውንድ ላይ ሆኖ ከጠራችሁት ግን ቢመልስም የመለሰውን አያስታውሰውም።

ሁለተኛው ባትል ሮያል የሚባለው ነው። ፎርትናይት በዚህ መልኩ የመጣው በ2017 ነው። 100 ሰው አንድ ደሴት ላይ ይወርዳል፤ መጨረሻ የቀረ ያሸንፋል። ኤፔክስ ሌጀንድስ፣ የኮል ኦፍ ዲዩቲው ዋርዞን፣ ፐብጂም ከዚሁ ናቸው። እዚህ አንዱ በሁለት ደቂቃ ሊወጣ ይችላል፣ ሌላው 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለዚህ "ስንት ደቂቃ ቀረህ?" ብትሉት "አላውቅም" ቢላችሁ እየዋሸ አይደለም፤ እውነትም አያውቅም።

በየትኛውም ግን ልጁ በፈለገበት ሰዓት ጨዋታውን ለአፍታ ማቆም የሚባል ነገር የለም። በሌላኛው ጫፍ ያሉት ሰዎች ናቸው። ልጃችሁ ከአምስቱ አንዱ ሆኖ መሃል ላይ ጥሎ ቢወጣ ቡድኑ በረኛው ጥሎት እንደሄደ የሰፈር ቡድን ይሆናል። ጨዋታውም ይቀጣዋል። ካውንተር ስትራይክ ላይ ቅጣቱ ከ30 ደቂቃ እገዳ ይጀምርና ከደጋገመው እስከ 7 ቀን ይደርሳል። ደረጃውም ይወርዳል። እንግዲህ አባት ራውተሩን ሲነቅል ልጁ የሚያየው አራት ጓደኞቹ ፊት የተዋረደ ራሱን ነው።

ይህን የምለው ልጁን እንድትፈሩት አይደለም። ሕጉን ከሰዓት ወደ ማች ቀይሩት ነው የምለው። "በአሜሪካ አቆጣጠር ከማታው 9 ሰዓት ላይ አጥፋ" ከማለት "ከ8 ሰዓት ከ15 በኋላ አዲስ ማች አትጀምር" ማለት ይሻላል። የተጀመረውን ይጨርስ፤ አዲስ ግን አይጀምር። ከልጁ ጋር አንድ ጊዜ ከተስማማችሁበት የሚከራከርበት ቀዳዳ የለውም። ማች ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እንደምታውቁ ያውቃላ! ራትም ቢሆን ከ10 ደቂቃ በፊት ሳይሆን ከአንድ ማች በፊት ነው የሚነገረው።

አሁን ስለ ራንክ። ውድድር የሚባለው ነገር ያለው እዚህ ነው። ቫሎራንት ላይ ደረጃው ከአይረን ይጀምርና በብሮንዝ፣ በሲልቨር፣ በጎልድ እያለ እስከ ሬዲያንት ይወጣል። ልጃችሁ የትኛው ላይ እንዳለ ጠይቁት፤ ዓይኑ ይበራል። ሲያሸንፍ ነጥብ ይጨመርለታል፣ ሲሸነፍ ይቀነስበታል። ልጆች እስከ ሌሊቱ የሚያመሹት ለመውጣት ይመስላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የወረደባቸውን ለመመለስ ነው። "ይህን መልሼ እተኛለሁ" ይላል፤ ደክሞታልና ደግሞ ይሸነፋል፤ ደግሞ ይገባል። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይሉ የለ። ጎበዝ ተጫዋቾች ይህን ያውቁታል፤ ሁለት ተከታታይ ከተሸነፉ ለዚያ ቀን ራንክ አይነኩም። ይህን ለልጃችሁ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ብልሃት ንገሩት። ከአሠልጣኝ እንደመጣ ምክር ይሰማችኋል።

ወደ ተኩሱ ልመለስ፣ ዘልዬው እንዳልሄድ።

ከእኛ መሃል እውነተኛ ጥይት የሰማ ብዙ ሰው አለ። ቀይ ሽብርን ያየ፣ ወንድሙን ግንባር ላይ ያጣ፣ በቅርቡ ከሰሜኑ ጦርነት ዘመድ የቀበረ። እንዲህ ያለች እናት ሳሎኗ ውስጥ የመትረየስ ድምፅ ቢያንቀጠቅጣት ስሜቷ ትክክል ነው። ልጁም ይህን ሊያውቅ ይገባል። "እማዬ ይህ ድምፅ ያማታል፤ ሄድሴት አድርግ" ማለት በቂ ነው። ምክንያቱን ሲያውቅ እምቢ የሚል ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

ጨዋታው ልጄን ገዳይ ያደርገዋል ወይ ለሚለው ግን መረጃው እንደምንፈራው አይደለም። በ2019 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች 14 እና 15 ዓመት የሆኑ 1,000 ያህል የብሪታንያ ልጆችን ከነወላጆቻቸው ጠይቀው ነበር። ዓመፅ የበዛበት ጨዋታ በመጫወትና በጠበኛ ባሕርይ መካከል ግንኙነት አላገኙም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም በ2020 ጨዋታዎቹ ሰውን ለዓመፅ ድርጊት ያነሳሳሉ ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ጩኸትና መገፋፋትን ከመሰለ ጠባይ ጋር ግን ትንሽ ግንኙነት እንዳላቸው አልካደም። እሱን እንኳ ጥናት ሳያስፈልግ ቤታችን እናየዋለን።

ዕድሜን በተመለከተ እዚህ አሜሪካ ኢኤስአርቢ የሚባለው ድርጅት ከ1994 ጀምሮ ለጨዋታዎች ደረጃ ይሰጣል። "ቲ" ማለት ከ13 ዓመት ጀምሮ ነው፤ "ኤም" ከ17 ጀምሮ። ፎርትናይት፣ ቫሎራንትና ኤፔክስ ቲ ናቸው። ኮል ኦፍ ዲዩቲና ሬይንቦ ሲክስ ሲጅ ኤም ናቸው። እኔ ለ13 ዓመት ልጅ ኮል ኦፍ ዲዩቲ አልፈቅድም። ደሙም፣ ስድቡም፣ አብሮት የሚጫወተው ሰው ዕድሜም አይመጥነውም። ፎርትናይት ግን ካርቱን ነው፤ ሲሞት እንኳ ደም የለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ መከልከል ልጁን "ያው ከተከለከልኩ የባሰውን ልጫወት" ወደሚለው ይገፋዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ደረጃ የሚያስከብርላችሁ ፖሊስ የለም። ካሊፎርኒያ ዓመፅ የበዛባቸውን ጨዋታዎች ለልጆች መሸጥ የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 በ7 ለ2 ድምፅ ሻረው። ዛሬ ደግሞ ሱቅ የሚባለውም ቀርቷል። ፎርትናይት፣ ቫሎራንት፣ ዋርዞን፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ሁሉም በነፃ ይወርዳሉ። ልጁ የሚያስፈልገው ኢሜይልና የፈጠረው የልደት ቀን ብቻ ነው። መለያውን ሲከፍት አጠገቡ ሁኑ። የልደት ቀኑን በትክክል ካስገባ ብዙዎቹ ጥበቃዎች ያኔውኑ ይበራሉ። ትልቅ ሰው ነኝ ካለ ጨዋታው እንደ ትልቅ ሰው ያስተናግደዋል።

አሁን እኔን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ማይኩ።

ልጃችሁ ሄድሴቱን ሲያደርግ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን አይደለም። ከኦሃዮ፣ ከካናዳ፣ ከየትም የመጣ የማታውቁት ሰው ጆሮው ውስጥ አለ። ያ ሰው 12 ዓመቱ ሊሆን ይችላል፤ 35 ሊሆንም ይችላል። በዘር መሳደብ እዚያ እንደ "እንደምን አመሸህ" ነው። ሴት ልጅ ድምፅዋ ከተሰማ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ወይ "ኩሽና ግቢ" ትባላለች፣ ወይ ትለከፋለች። ብዙ ልጃገረዶች ለዚህ ሲሉ አፋቸውን ዘግተው ይጫወታሉ። ሴት ልጅ ያላችሁ "እሷ እንኳ ጌም አትወድም" ከማለታችሁ በፊት ጠይቋት።

ኩባንያዎቹ ዝም አላሉም፤ ግን የሚነቃነቁት ሲገፉ ነው። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ በ2022 ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር በጠቅላላ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 275ቱ ሚሊዮን የልጆችን ግላዊ መረጃ ሕግ በመጣሱ ነው። ከክሱ አንዱ ነጥብ የልጆች ድምፅና ቻት ከእንግዳ ሰው ጋር ሳይጠየቁ በርቶ መምጣቱ ነበር። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ከ2023 ጀምሮ ድምፅ እየሰማ ስድብ የሚለይ ፕሮግራም አስገብቷል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ከእናንተ ፊት የሚቀድም ግን አይደለም።

መፍትሔው ማይኩን ጨርሶ መንጠቅ አይደለም። አምስት ለአምስት ጨዋታ ሳይነጋገሩ አይሆንም፤ ደስታውም ከጓደኛ ጋር ማውራቱ ነው። የሚያውቃቸውን ጓደኞቹን ብቻ የሚሰማበት የግል ቻናል በሁሉም አለ። ለትናንሾቹ ያንን ብቻ ክፈቱላቸው። ትልልቆቹን ግን ሚዩት (የሰውን ድምፅ መዝጋት)፣ ብሎክና ሪፖርት ማድረግ ያውቁ እንደሆነ ፈትኗቸው፤ ብዙውን ጊዜ እነሱ ያሳዩአችኋል። እኔ ቤት ያለው ሕግ ቀላል ነው። መጀመሪያ የተሳደበ ወዲያው ሚዩት ይደረጋል፤ መልስ አይሰጠውም።

ከስድቡ የሚከፋ ግን አለ። አንድ "ጓደኛ" ጨዋታው ውስጥ ይገኛል፣ ጥሩ ይጫወታል፣ ስኪን (የጨዋታው ውስጥ ጌጥ) በስጦታ ይልካል። ከዚያ "ና ዲስኮርድ ላይ እናውራ" ይላል፤ ዲስኮርድ ተጫዋቾች የሚያወሩበት አፕ ነው። ወይም በዕድሜው የምትሆን ቆንጆ ልጅ ነኝ ይላል። ፎቶ ይልካል፤ የልጁንም ይጠይቃል። ልጁ የላከ ዕለት "ገንዘብ ካልላክህ ለትምህርት ቤትህና ለቤተሰቦችህ እበትነዋለሁ" የሚል ማስፈራሪያ ይመጣል። ኤፍቢአይ በዚህ ጉዳይ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ብዙዎቹ ተጠቂዎች ወንዶች ልጆች ናቸው። በዚህ የተነሳ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ።

እዚህ ላይ የእኛ ቤት አስተዳደግ ለአስፈራሪው ያግዘዋል። ልጆቻችን ከሁሉ በላይ የሚፈሩት መዋረድን ነው። "አባቴ ከሚሰማ ብሞት ይሻለኛል" የሚል ልጅ አለ፤ አስፈራሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሳይመጣ በፊት፣ ነገሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ መኪና ውስጥ ይሁን ራት ላይ፣ በግልጽ ተናገሩ። "ምንም ዓይነት ነገር ብትልክ፣ ምንም ብታደርግ፣ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ። አልቆጣም። አብረን እንፈታዋለን።" ደግሞም ቃላችሁን ጠብቁ። ከደረሰ አትክፈሉ፤ ከከፈላችሁ ይጨምራል እንጂ አይተውም። መልእክቱን አታጥፉት፤ ማስረጃ ነው። ኤፍቢአይ በ1-800-225-5324 ይቀበላል። የጠፉና የተበደሉ ልጆችን የሚረዳው ብሔራዊ ማዕከልም ከ2023 ጀምሮ "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው፤ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ሳሉ የተነሱትን እንዲህ ያለ ፎቶ ከኢንተርኔት ለማስወረድ ይረዳል።

አድራሻም ለማንም አይነገርም። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ዊቺታ፣ ካንሳስ ውስጥ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ሁለት ሰዎች በኮል ኦፍ ዲዩቲ በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ውርርድ ተጣሉ። አንደኛው ፖሊስን በሐሰት የሚጠራ ሰው ፈልጎ የሌላኛውን ቤት አስከበበ። አድራሻው ግን የሌላ ሰው ነበር። ጨዋታው ውስጥ ያልነበረ የ28 ዓመት ሰው በሩን ከፍቶ ሲወጣ በፖሊስ ጥይት ሞተ። ደዋዩ በ2019 የ20 ዓመት እስር ተፈረደበት። ጥቁር ልጆችን በዚህ አገር የምናሳድግ ሰዎች ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ሳንነግር ማለፍ የለብንም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ አጠር አድርጌ እላለሁ፤ ግን አጠር ማለቱ ትንሽ ነገር ስለሆነ አይደለም።

ጨዋታዎቹ ነፃ ናቸው ብያለሁ። የሚያተርፉት ከስኪን ነው። ስኪን የጠመንጃው ወይም የሰውየው ልብስ ነው። ኃይል አይጨምርም፤ ውበት ብቻ ነው። ቫሎራንት ላይ ለአንድ ጥቅል ከ70 ዶላር በላይ የሚወጣበት አለ። ካውንተር ስትራይክ ላይ ደግሞ በ2013 የመጣ "ኬዝ" የሚባል ሳጥን አለ። ቁልፉ 2 ዶላር ከ49 ሳንቲም ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቁ ትከፍላላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ እርባና የሌለው ይወጣል፤ አልፎ አልፎ ብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጥ ቢላዋ ይወጣል። እኔ ይህን ቁማር ነው የምለው። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽንም በ2018 እንዲህ ያሉትን ሳጥኖች ሕገ ወጥ ቁማር ናቸው ብሏል። በዚህ ላይ በስኪን የሚያቋምሩ ሌሎች ድረ ገጾች አሉ። ልጃችሁ "ስኪኔን አስይዤ" ካለ ጨዋታውን ተዉትና ይህንን ያዙ።

ካርዳችሁን አታስቀምጡ። ከኤፒክ 520 ሚሊዮን ውስጥ 245ቱ ሚሊዮን የሄደው ሰውን ሳያስበው ስላስገዛና ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በተቀመጠ ካርድ እንዲገዙ ስለፈቀደ ነው። ስጦታ ልትሰጡ ከፈለጋችሁ ጊፍት ካርድ ግዙ፤ ሲያልቅ ያልቃል። አይፎን ላይ በ"ፋሚሊ ሼሪንግ" ውስጥ ያለውን የግዢ ፈቃድ መጠየቂያ አብሩ።

ከሥራዬ የማየውን አንድ ልጨምር። ልጆች "ቺት" የሚባል፣ ግድግዳ አሳልፎ የሚያሳይ ፕሮግራም ከዩቲዩብ ሥር ካለ ሊንክ ያወርዳሉ። ከብዙዎቹ ጋር የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ አብሮ ይመጣል። ያ ኮምፒውተር ላይ አባትየው የባንክ ሂሳቡን የሚከፍት ከሆነ ነገሩ የልጅ ጨዋታ መሆኑ ያበቃል። "ለቲሜ ድምፅ ስጥልኝ" ብሎ ሊንክ የሚልክም አለ፤ ከፍቶ የገባ ልጅ ካውንተር ስትራይክን የሚጫወትበትን የስቲም መለያ ከነስኪኑ ያጣል። ቢቻል የቤቱ የባንክ ሥራ በሌላ ማሽን ይሁን።

አሁን የእኛን ሕይወት እንይ። አባት ኡበር ነድቶ በአሜሪካ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ላይ ይገባል። እናት ነርሲንግ ሆም አዳሪ ናት። ልጁ ብቻውን ነው፤ ኮምፒውተሩም ክፍሉ ውስጥ ነው። ማን ያስተኛዋል? የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት ይላሉ። እናንተ ቤት ሳትኖሩም የሚጠብቅ ነገር አለ። ኤክስቦክስ ለወላጅ ስልክ የተሠራ አፕ አለው፤ ሥራ ላይ ሆናችሁ ሰዓት ትቆርጣላችሁ፣ ተጨማሪ ሲጠይቅ ትፈቅዳላችሁ ወይም ትከለክላላችሁ። ፕሌይስቴሽንና ኒንቴንዶም አላቸው። ስቲምም የቤተሰብ መቆጣጠሪያ አለው፤ ኤፒክም በፒን የሚዘጋ አለው። ዲስኮርድ ከ2023 ጀምሮ ልጁ ከማን ጋር እንደሚያወራ የሚያሳይ የቤተሰብ ገጽ ከፍቷል፤ የሚያወራውን ቃል ግን አያሳይም፤ እኔም ይህ ተገቢ ይመስለኛል። ኮምፒውተሩን ሳሎን ማውጣት ግን ከሁሉም አፖች የበለጠ ይሠራል። አፓርታማው ጠባብ ነው ትሉኛላችሁ። ይጠብባል፤ እኛም ቤት ጠቧል።

ልጁ ከቁጥጥር ከወጣስ? የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው መመሪያው የጌም ሕመምን እንደ በሽታ መዝግቧል። ብዙ መጫወት ብቻውን አያስብልም። መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከትምህርቱም ከጓደኛውም ሲያስቀድመው፣ እየጎዳው እንኳ ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ሲዘልቅ ነው። እንዲህ ከሆነ ጸበሉም ጸሎቱም ይኑር፤ የልጁን ሐኪም ግን አትለፉት።

"ፕሮ እሆናለሁ" የሚለው ክርክር ደግሞ ሁላችንም ቤት አለ። በሐምሌ 2019 ኒውዮርክ በተደረገው የፎርትናይት የዓለም ዋንጫ የ16 ዓመት ልጅ 3 ሚሊዮን ዶላር አሸንፏል። እውነት ነው። ልጃችሁ የማይነግራችሁ ግን ለማጣሪያው ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰልፎ እንደነበር ነው፤ ቁጥሩን ያወጣው ኤፒክ ራሱ ነው። ኮሌጆች ከ2014 ጀምሮ ለኢ-ስፖርት የስኮላርሺፕ ገንዘብ መስጠት መጀመራቸውም እውነት ነው። እሱ ግን ማርክ ይጠይቃል። "ጎበዝ ነህ፤ ኮሌጁ ግን መጀመሪያ ውጤትህን ነው የሚያየው" በሉት። አትሳቁበት። ልጅ በወደደው ነገር ከተሳቀበት ሌላ ጊዜ አያወራችሁም።

ጥሩ ነገር የለውም አልልም። የእኔ ልጅ አማርኛ ሲናገር በጣም ያፍር ነበር። አሁን ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ካለ የአክስቱ ልጅ ጋር በስልክ ፐብጂ ሞባይል ይጫወታሉ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ሁለቱም ይሳደባሉ። ግን "ከኋላህ ነው! ቤቱ ውስጥ ግባ! ፈውሰኝ!" እያለ ሲጮህ እሰማዋለሁ። የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ትእዛዝ አንቀጽ አላስተማረውም።

ለማኅበራትና ለወጣቶች ክፍል ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ይኸውና። በዚህ የትምህርት ዓመት አንድ የቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ስጡን። ባለሙያ መጋበዝ አያስፈልግም። ልጆቹ አስተማሪ ይሁኑ፣ ወላጆች ተማሪ። እያንዳንዱ ልጅ የሚጫወተውን ጨዋታ በትልቁ ስክሪን ያሳይ፤ ራውንዱ ምን እንደሆነ፣ ራንኩ ስንት እንደደረሰ፣ ሚዩት የት እንዳለ ይንገረን። አባቶች አንድ ማች ይሞክሩ፤ እንሳቅ። ከዚያ በየስልካችን የወላጅ መቆጣጠሪያውን አብረን እናስገባለን። እኔ መጥቼ የምችለውን አግዛለሁ፤ ሞያው ያላቸው ሌሎችም አይጠፉም።

ወላጆች ስትመጡ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ የልጃችሁን ኤክስቦክስ ወይም ፕሌይስቴሽን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይዛችሁ ኑ። የይለፍ ቃሉን የማታውቁ ከሆነ ዛሬ ማታ ጠይቁት። ራውንድ ላይ ካልሆነ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ አባት